የሁዳዴ ቁርስ

በጃንሆይ ዘመን አርብ ገበያ ላይ የሳይንስ መምህር ነበርኩ። የሳይንስ መምህር ስል የሒሳብም፣ የጂኦግራፊም፣ የእጅ ሥራም፣ ዘበኛው ሲታመም የደወሉም ማለቴ ነው፤ ትምህርት ቤታችን አራት ክፍልና ሦስት አስተማሪ ብቻ ነበረው። ከሁሉም ሳይንሱን እወድ ነበር፤ ከሳይንሱም አንዱን ምዕራፍ፣ የበላነው እህል ሰውነታችን ውስጥ ገብቶ እንዴት ሙቀትና ጉልበት እንደሚሆን የሚያስረዳውን። ዛሬ የልጅ ልጆቼ ሜታቦሊዝም ይሉታል። እኔ ያኔ «የውስጥ እሳት» ነበር የምለው፤ ስሙን ራሴ ስላወጣሁለት ኮራ ብዬ ነበር የምጠራው።

ትምህርቱን የማስረዳው በጧፍ ነበር። አንድ ጧፍ አበራና ጠረጴዛው ላይ አቆማለሁ፤ ልጆቹ ነበልባሉን ትክ ብለው ሲያዩ ብርጭቆ እደፋበታለሁ። ነበልባሉ ትንሽ ይንፈራገጥና ድርግም ይላል። «ምን አጣ?» እላለሁ። «አየር!» «ሰሙ ቢያልቅበትስ?» «ያው ይጠፋል!» «እንግዲህ የበላነው እህል ሰሙ ነው። ሆዳችን ያደቀዋል፣ አንጀታችን ለደም ያቀብለዋል፣ ደማችን እስከ ጣታችን ጫፍ ያደርሰዋል፤ እዚያ ከምንተነፍሰው አየር ጋር ይገናኝና ነበልባል ሳያወጣ ይነዳል። እጃችሁን ብብታችሁ ሥር አግቡ እስቲ። ሞቀ?» «ሞቀ!» «ማን አሞቀው?» አንዱ ከኋላ «ቆሎ!» ይላል፤ ክፍሉ በሳቅ ይሞላል። እኔም እስቃለሁ፤ መልሱ ግን ልክ ነበር፤ ጧት ከቤቱ የወጣው ቆሎ ቆርጥሞ ነውና።

ይህን ትምህርት ትምህርት ቤት ትቼው ብመጣ ጥሩ ነበር። ቤት ድረስ ይዤው እገባ ነበር። ሚስቴ የቤተ ልሔም አካባቢ ልጅ ናት፤ አባቷ ድጓ ሲያስተምሩ ኖረው ሲያስተምሩ የሞቱ ሰው ነበሩ፤ እሷንም ዳዊት አስደግመዋታል። ስናገር ዝም ብላ ታዳምጠኛለች፤ ከንፈሯ ዳር ላይ ግን አንዲት ፈገግታ አለች፣ ታውቀኛለች። ለብቻችን ስንሆን «አንተ» ትለኛለች፤ ሰው ሲኖር «እሳቸው» እሆናለሁ። እናቷ ደግሞ፣ አማቴ፣ ከሠርጋችን በኋላ መጀመሪያ ሊጠይቁን የመጡ ጊዜ የውስጤን እሳት እስከ መጨረሻው አዳምጠው ሲያበቁ፣

«አንቱ መምህር፣ እሳት ካለ ጢስ አለ። ይኸ ጢስ በየት ነው የሚወጣ?» አሉ።

«በትንፋሻችን፣ በአፍና በአፍንጫችን ነው» አልኩ ደስ ብሎኝ፤ እንዲህ ያለ ጥሩ ጥያቄ ከተማሪዎቼም ገጥሞኝ አያውቅም።

«አዬ፣ እንግዲያ የአንቱ እሳት አለቅጥ ይጨሳል» አሉና ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደድኳቸው፤ ትንሽም ፈራኋቸው።

በዓመቱ ልጅ ወለድን፣ ሴት። በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ተነሣች፤ ክርስትናው ካለፈ በሳምንቱ ሁዳዴ ገባ። እኔ መጽሐፌን ገልጬ የሚያጠባ ሰውነት ለሁለት ሰው እንደሚነድ አንብቤያለሁና ጭንቅ ያዘኝ። ሚስቴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾማ እንዴት አድርጋ ወተት ልታወጣ ነው? ሙግቴን አዘጋጅቼ፣ መጽሐፌን ብብቴ ሥር ይዤ፣ ወደ ንስሐ አባታችን ሄድኩ። ስለ ደም፣ ስለ አየር፣ ስለ ጧፉ ነገርኳቸው። እሳቸው መቋሚያቸው ላይ አገጫቸውን አሳርፈው ሲሰሙኝ ቆዩና፣

«ልጄ፣ ይህን ሁሉ ምን አስለፈለፈህ? የምታጠባ ሴት ነሽና ከጧት ጀምረሽ ጾም ጾሙን ብዪ ብያታለሁ እኮ፣ ገና በክርስትናው ዕለት» አሉኝ።

አልነገረችኝም ነበር። ያም ሆኖ ጦር ሜዳ ድል አድርጎ እንደተመለሰ ሰው ደረቴን ነፍቼ ቤት ገባሁ። «ከነገ ጀምሮ ቁርስ ትበያለሽ!» አልኳት። «እሺ» አለችኝ፣ ዓይኗን ከምትለቅመው ምስር ላይ ሳታነሣ። ነገሩ አለቀ ብዬ ተኛሁ።

እኔ ራሴ ግን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾም ነበር፤ እውነቱን ለመናገር እግዜርን ብቻ ፈርቼ አልነበረም። ከኔ በፊት የነበረው መምህር በረቡዕ ቀን እንቁላል ሲበላ ታየ ተብሎ ወላጆች ልጆቻቸውን አንድ ባንድ አስቀርተውበት፣ ባዶ ወንበር ሲያስተምር ከርሞ ነው የሄደ። አስኳላ የተማረ ሁሉ ጸረ ማርያም ነው የሚባልበት ጊዜ ነው። ስለዚህ አርብ ገበያ ውስጥ ከካህናቱ ቀጥሎ አጥብቆ የሚጾመው ሰው እኔ ነበርኩ ብል ውሸት አይሆንብኝም። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ከትምህርት ቤት እየሮጥኩ ነበር ቤቴ የምደርስ፤ የገብስ እንጀራ፣ ሽሮ፣ ስልጆ፣ አንዳንድ ቀን ተልባ። እንዲያ ያለ ጣፋጭ ምግብ ከዚያ ወዲህ በልቼ አላውቅም።

መለካት እወዳለሁ። ሰው ሁሉ የሚያውቀው አመሌ ነው። ልጄ እያደገች መሆኑን በዓይኔ ብቻ ማየት አልበቃ ቢለኝ፣ አንድ አርብ ቀን በነጠላ ጠቅልዬ ገበያ ወረድኩና ቆዳ ነጋዴውን ባለ መንጠቆ ሚዛኑን አንዴ እንዲያውሰኝ ለመንኩት። ነጠላውን አራት ማዕዘኑን ቋጥረን ሰቀልናት። መርፌው ተንቀሳቀሰ፤ እሷም እግሯን እያወራጨች ሰማይ ሰማዩን ታያለች። «መምህር፣ ስንት ልበልዎት?» አለኝ ነጋዴው። የፍየል ቆዳ ይዘው ተራ የሚጠብቁት ገበሬዎች ሁሉ ሳቁ። እኔ መርፌው የቆመበትን ምልክት በደብተሬ ላይ አስፍሬ በኩራት ተመለስኩ።

በሁለተኛው አርብ መርፌው ትንሽ አለፍ አለ። በሦስተኛው እዚያው ቆመ። በአራተኛው ወደ ኋላ ተመለሰ። የፀጉር ያህል ነው፤ ግን ተመለሰ። ነጋዴው አልቀለደም። ልጄን ከመንጠቆው ላይ አወረድኳትና ደረቴ ላይ ለጥፌ ያቺን መንገድ እንዴት እንደሄድኳት አላስታውስም። ለሚስቴ «ደህና ናት» አልኳት። በትዳራችን መጀመሪያ የዋሸኋት ውሸት እሷ ናት።

ከዚያ በኋላ ማየት የማልፈልገውን ማየት ጀመርኩ። የልጄ ልቅሶ ተለውጧል። ድሮ ስታለቅስ የተቆጣች ነበር የምትመስለው፤ አሁን ጥግ ላይ እንደተረሳች የድመት ግልገል ሲጥ ሲጥ ትላለች። ጡት ይዛ ትስባለች፣ ትስባለች፣ ከዚያ ትተወውና ታለቅሳለች። የሚስቴ እጅ ይቀዘቅዛል። ከተቀመጠችበት ስትነሣ ግድግዳ ትይዛለች። ሚዶዋ ላይ የሚቀረው ፀጉር በዝቷል። «ቁርስ በላሽ?» እላታለሁ ከትምህርት ቤት ስመለስ። «በላሁ» ትለኛለች። መጽሐፌን ገልጬ ደጋግሜ አነበብኩት። እህል ከገባ ጉልበት መውጣት አለበት፤ ወተትም መውጣት አለበት። የቱ ጋ ነው የሚፈሰው? ይህን ስጽፍ አፍራለሁ፤ አንድ ቀን ዓይን በልቷት ይሆን እንዴ ብዬም አስቤያለሁ፤ እኔ፣ ጧፍ እያበራሁ የማስተምረው ሰው።

ልጁን በቆዳ ሚዛን ሰቀለ የሚለው ወሬ ግን ከኔ ፈጥኖ ቤተ ልሔም ደርሶ ኖሯል። በአራተኛው አርብ ማግስት፣ ቅዳሜ፣ አማቴ የግማሽ ቀን መንገድ በእግራቸው ሄደው፣ ተልባና አብሽ በስልቻ ይዘው፣ ከበሩ ላይ ቆሙ። ሰላምታም አልሰጡኝ።

«አንቱ መምህር! ልጅ እንደ ፍየል ቆዳ ይመዘናል? ምነው፣ ዓይን አይፈሩም?»

ልጅቱን ከእናቷ ተቀበሉ። በሁለት እጃቸው ከፍ አደረጓት፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ዝቅ አደረጓት። «ቀላለች» አሉ በቀስታ። የኔ ሚዛን አራት ሳምንት የፈጀበትን እሳቸው በአንድ ትንፋሽ ጨረሱት። ከዚያ ጫማዬን፣ ሱሪዬን፣ ፊቴን ቀና ብለው አዩ።

ሁለት ቀን ዝም አሉ። አብሽ ያሻሉ፣ ተልባ ይቆላሉ፣ ልጅቱን ያዝላሉ። እሳቸው በአዘቦት ቀን የሚቀምሱት ፀሐይ ሊጠልቅ ሲል ነው፤ ያውም ትንሽ ንፍሮና ውሃ። በጾም የታወቁ ሴት ናቸው፤ ባላቸው እንኳ «ይቺ ሴት ገነትን በሆዷ ልትገዛ ነው» ይሉ እንደነበር ሚስቴ አጫውታኛለች። ቅዳሜና እሑድ እኔና ሚስቴ ለምግብ ስንቀርብ ራቅ ብለው መደቡ ላይ ይቀመጡና ጥጥ ይፈትላሉ። ዓይናቸው እንዝርቱ ላይ ያለ ይመስለኝ ነበር።

በሦስተኛው ቀን፣ ሰኞ፣ እንደ ልማዴ እየሮጥኩ መጣሁ፣ እጄን ታጠብኩ፣ ሚስቴ ሞሰቡን አቀረበች፣ ጸሎት ተባለ፣ በላሁ። ጨርሼ «ተመስገን» ስል አማቴ እንዝርቱን አቆሙ።

«አንቱ፣ ይኸ ቀበቶ ስንተኛው ቀዳዳ ላይ ነው?»

አጎንብሼ አየሁ። ከገና በፊት ሁለተኛው ላይ ነበር። አሁን ወደ ጫፉ ሄዶ አራተኛው ላይ ነው። በሁዳዴ የወፈርኩ ሰው ነበርኩ። ሳቅ ለማለት ሞከርኩ።

«ልጄ ስትበላ አይተው ያውቃሉ?» አሉኝ።

«እንዴ! በየቀኑ አንድ ላይ እኮ ነው የምንበላው።»

«አብራችሁ መቅረባችሁንማ እኔም አያለሁ። ስትበላ አይተዋታል ወይ ነው ያልኩ።»

ማሰብ ጀመርኩ። ቀኑን ሁሉ ባዶ ሆዴን ስጮህ ውዬ እመጣለሁ። ወጡን ወደኔ በኩል ታፈስሰዋለች። መጀመሪያ ታጎርሰኛለች፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ፤ ፍቅር ነው፤ ደስ ይለኛል። ከዚያ እንጀራውን ትቆርሳለች፣ በጣቷ ታለዝበዋለች፣ ወጡን ታስነካዋለች፤ ከዚያስ? ከዚያ ጨው ልታመጣ ትነሣለች። ውሃ ልትቀዳ ትነሣለች። ልጅቱ ታለቅሳለች፣ ትነሣለች። ስትመለስ እኔ ዳር ዳሩን እያጸዳሁ ነኝ። «ብዪ እንጂ» እላታለሁ፤ «እየበላሁ ነው» ትለኛለች። ያቺን የቆረሰቻትን ቁራሽ አፏ ስታደርስ ለማስታወስ ብዙ ጣርኩ። አንድም ቀን አልመጣልኝም።

«ቁርሱስ?» አልኩ ወደ ሚስቴ ዞሬ። ድምፄ ሳላስበው ከፍ አለ። «ጧት ትበያለሽ አላልሽኝም?»

አንገቷን ደፋች። እናቷ ፊት እንኳ «አንተ» አለችኝ ያን ዕለት፣ ረስታው።

«አንተ ሳትቀምስ ከጉሮሮዬ አልወርድ አለኝ» አለች። «እቆርሳለሁ። አፌ አደርሰዋለሁ። አንተ ባዶ ሆድህን ቆመህ ስታስተምር ይታየኛል። ከዚያ መልሼ ሞሰቡ ውስጥ አስቀምጠዋለሁ። ምን ላድርግ? እምቢ ብዬህ አይደለም።»

እንደ ሰነፍ ተማሪ ቁጭ ብዬ ቀረሁ። ስለ ምግብና ስለ ጉልበት ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነኝ ባይ ነበርኩ። በየመሸታ ቤቱ ሳይቀር አስተምሬዋለሁ። መጽሐፉ የተረፈው እህል ስብ ሆኖ ይጠራቀማል ይላል፤ ይኸው ወገቤ ላይ። እህል ያጣ ሰውነት ደግሞ መጀመሪያ ያጠራቀመውን ስብ፣ ከዚያም የራሱን ሥጋ ማንደድ ይጀምራል ይላል። ሚስቴ ለልጃችን ስትል ራሷን እያነደደች ነበር፤ የሷም ሰም ወደ ማለቁ ነበር። ይህን አንድም ሳይጎድል አውቃለሁ፣ ለፈተና አወጣዋለሁ። ከፊቴ ቁጭ ብሎ ግን አላየሁትም፤ እያጎረሰችኝ ስለነበር።

«ከነገ ጀምሮ በግድ ትበያለሽ!» ብዬ ተቆጣሁ፤ ጥፋተኛ ሰው ቁጣ ይቀድመዋል። አማቴ አላዩኝም፤ ወደ ደጅ ወጡ። ጥቂት ቆይቼ ብወጣ ከቤቱ ጓሮ፣ አጥሩን ተደግፈው ቆመዋል።

«አይቆጧት» አሉኝ። «ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ባልሽ ሳይበላ አትብዪ፣ ባልሽ ሳይጠግብ እጅሽን አትስደጂ ብዬ ገና በአምስት ዓመቷ ጣቷን እየመታሁ ነው ያስተማርኳት። እናቴም እኔን እንዲያው ነው ያስተማረችኝ።» ነጠላቸውን ጫፉን ይጠመዝዛሉ። «ከሷ በፊት ሁለት ልጆች ነበሩኝ፤ ሁለቱም ጡት ላይ እያሉ ነው የሄዱ። ባለቤቴ ማኅሌት ቆሞ አድሮ፣ ቀድሶ፣ አስተምሮ ማታ ይመጣል፤ እስኪመጣ ድረስ አልቀምስም ነበር። እግዜር ሰጠ እግዜር ወሰደ ብዬ ኖርኩ። ይህን ሃያ ምናምን ዓመት እንዲያ ብዬ ኖርኩ። ትናንትና ከትናንት ወዲያ ልጄ ቁራሿን ስትመልስ ባይ ጊዜ...» አልጨረሱትም። አንዲት እንባ በአፍንጫቸው ጎን ወርዳ አገጫቸው ላይ ቆመች፤ አልጠረጓትም።

እጃቸውን ይዤ ሳምኩት። ያንን ያህል አንጀቴን የበላው ነገር ከዚያ በፊት አልነበረም።

በማግስቱ ማክሰኞ፣ ጧት አንድ ሰዓት ተኩል ይሆናል፣ ልብሴን ለብሼ፣ ደብተሮቼን ይዤ ልወጣ ስል አማቴ ሞሰቡን ራሳቸው ተሸክመው መጥተው መካከል ቤቱ ላይ አስቀመጡት። ከፈቱት። ስልጆውን አፈሰሱ። ሚስቴ ልጅቱን ታቅፋ መደቡ ላይ ተቀምጣለች።

«ነይ፣ ቅረቢ» አሏት።

«እማዬ፣ ለማን ነው?»

«ለኔና ለአንቺ። ዛሬ ቁርስ እንበላለን።»

ሚስቴ የቀለዱ መሰላት፤ አማቴ ግን «አቡነ ዘበሰማያት» ብለው ጀመሩ። ደግመው ሲጨርሱ አማተቡ፣ ከእንጀራው ቆረሱ፣ ስልጆ አስነኩ፣ ጎረሱ። በዚያ ዕድሜያቸው፣ በሁዳዴ፣ ፀሐይ ገና ከተራራው በላይ ብቅ እንዳለች። ቀስ ብለው አላመጡት። ዋጡት።

«እማዬ! ምን ነካሽ!» ሚስቴ ጮኸች።

«ምንም አልነካኝም። እኔ ገድፌያለሁ። አሁን ከአንቺ የቀደመ በላተኛ አለ፤ አፍሪም አትፍሪም ቅረቢ። ለእግዜር እኔ እመልሳለሁ።» ሌላ ቁራሽ ቆረሱና እጃቸውን ወደ ልጃቸው አፍ ዘረጉ። «ጉረሺ የኔ እናት።»

ሚስቴ እያለቀሰች ጎረሰች። እያለቀሰች አላመጠች። ዋጠች፤ ስትውጥ አየኋት። ሁለተኛውን ጎረሰች። እኔ ከበሩ ላይ ደብተሮቼን ታቅፌ ቆሜያለሁ። ያን ጊዜ የሚጠብቁኝ ተማሪዎች፣ የቀድሞው መምህር ባዶ ወንበሮች፣ ጸረ ማርያም የሚለው ስም፣ ሁሉም በአንድ ላይ መጡብኝ። እኔ ብወጣ እኒህ ሁለት ሴቶች ይበላሉ፤ አማቴ ግን በሳምንት በአሥር ቀን አገራቸው ይገባሉ። ከዚያስ? ከዚያ ቁራሿ ወደ ሞሰቡ ትመለሳለች።

ደብተሮቹን መሬት ላይ አስቀመጥኩ። እጄን ታጠብኩ። ተቀመጥኩና ቆረስኩ። አማቴ ቀና ብለው ሲያዩኝ ያለወትሯቸው «አንተ» አሉኝ። «እንዲያ አድርግ፣ ልጄ» አሉኝ። ሚስቴ ልታጎርሰኝ እጇን ስትዘረጋ ያዝኩት፤ ወደ ራሷ አፍ መለስኩላት።

ትምህርት ቤት አርፍጄ ደረስኩ። ስልጆ ነጭ ሽንኩርትም ሰናፍጭም አለበት፤ የሚደበቅ ምግብ አይደለም። የፊተኛው ወንበር ላይ የተቀመጡት ልጆች አፍንጫቸውን ነፋ ነፋ አደረጉ፣ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ከሰዓት በፊት «መምህር ገደፉ» የሚለው ገበያ ደርሷል። በማግስቱ አራት ወንበር ባዶ ሆነ፤ ሐሙስ ዘጠኝ። እኛ ግን በየጧቱ ሦስታችንም በላን። ወተቱ በሁለት ቀን አልመጣም፤ በአራተኛው ቀን ልጅቱ ከጠባች በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳታለቅስ እንቅልፍ ወሰዳት። አማቴ ተልባውና አብሹ ነው አሉ። እኔ እህሉ ነው አልኩ። በዚህ እስካሁን አልተስማማንም እል ነበር፤ ነፍሳቸውን ይማር፣ አሁን የሚከራከረኝ የለም።

ቅዳሜ ንስሐ አባታችን መጡ። ወሬው እሳቸውም ዘንድ ደርሷል። ተቀመጡ፣ ልጅቱን ባረኩ፣ ከዚያ መቋሚያቸውን አጋድመው ጭናቸው ላይ አድርገው ወደኔ ዞሩ። አፌን ከመክፈቴ አማቴ ቀደሙኝ። አንድም ሳያስቀሩ ተናገሩ፤ ስለ ቁራሿ፣ ስለ ጉሮሮዋ፣ ስለ ሁለቱ ልጆቻቸውም። «መጀመሪያ የገደፍኩ እኔ ነኝ አባቴ። ቀኖናውን ለኔ ይስጡኝ» አሉ።

ቄሱ፣ «የእርስዎን የራስዎ የንስሐ አባት ያውቁታል፤ እኔ በሰው የንስሐ ልጅ ላይ አልገባም» አሉ። «እንደኔ እንደኔ ግን እግዜር ቀኖና የሚያስጨምርብዎት አይመስለኝም።» ወደ ሚስቴ ዞሩ። «አንቺ ብዪ። ካልበላሽ እቀየምሻለሁ።» ቀጥለው እኔን ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ። «ይኼኛው የኔ ልጅ ነው። የሚስቱን ሲሳይ ሳያይ የበላ እሱ ነው፤ ጉልበቱም ያለው እሱው ዘንድ ነው። ከሰኞ ጀምሮ እስከ ፋሲካ፣ ከቅዳሜና ከእሑድ በቀር፣ በየቀኑ አርባ አንድ ይስገድ። ጧት ከሚስቱ ጋር በልቶ፣ ማታ ይስገድ። ለሚጠይቀኝ ሰው እኔ እንዳዘዝኩት እነግረዋለሁ።»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ምን እንዳሉ አልሰማሁም፤ ማክሰኞ ግን ወንበሮቹ ሁሉ ሞልተው ነበር።

የመጀመሪያዋ ሰኞ ማታ፣ ገና ብርሃን እያለ፣ ስግደቴን ጀመርኩ። አማቴ መቁጠሪያቸውን ይዘው መደቡ ላይ ተቀመጡ፤ እንዳልሰርቅ መሆኑ ነው። ሚስቴ ከጎናቸው ሆና ታጠባለች። እስከ አሥረኛው ድረስ ደህና ነበርኩ። ከዚያ ትንፋሼ ያጥር ጀመር፤ ስነሣ ጉልበቴ ቀጭ ይላል፣ ስወድቅ ሆዴ ከግንባሬ ቀድሞ መሬት ይነካል። ሃያ ላይ ላቡ ከአፍንጫዬ ይንጠባጠባል። ሚስቴ ሳቋን ለመያዝ ሞከረች፤ አልቻለችም። ያን ሁሉ ወር ያልሰማሁት ሳቅ ነው፤ ከሆዷ የመጣ፣ ትከሻዋን የሚነቀንቅ። ልጅቱ ጡቱ ከአፏ ወጣባትና ተቆጥታ ጮኸች፤ እንደ ድሮዋ፣ እንደ ባለ መብት። ቀና ብዬ ሳይ ወተቱ ከከንፈሯ ዳር ሞልቶ በአገጯ ይወርዳል፣ አንገቷ ውስጥ ይገባል፤ እናቷ ጡቷን በእጇ ብትይዘውም በጣቶቿ መካከል ይንጠባጠባል።

ግንባሬን መሬት ላይ ደፋሁና መነሣት አቃተኝ። አለቀስኩ። አማቴ ስለ ኃጢአቴ መሰላቸው።

«እንዲህ ነው ንስሐ» አሉ ድምፃቸውን ለስለስ አድርገው። «ተነሥ በል ልጄ። ሃያ አራት።»